ጾም ያስገደፈው ለውዝ

ከቢቸና የወጣሁ ለት ማታ እናቴ አላለቀሰችም። ለውዝ ቆላች። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተኝ ቤታችንን ሞልቶ፣ አንዱ «አደራ፣ እንደወጣሽ እንዳትቀሪ» ሲል፣ ሌላዋ «እኔን እንዳትረሺ፣ ስልክ ላኪልኝ» ስትል፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ብረት ድስቷን ታማስላለች። እኔም ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ከጎኗ ተሸጉጬ እሳቱን አያለሁ።

እናቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። መናኸሪያው በር ላይ የስኳር ለውዝ በወረቀት ጠቅልላ የምትሸጠው ናት። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ከጎኗ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከእጄ ስንት ጊዜ ገዝታችኋል፤ ፊቴን ግን አታውቁትም፣ ቀና ስለማልል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ጥሬው ለውዝ፣ ስኳሩና ውሃው አብሮ ይጣዳል። ውሃው ፈልቶ ሲያልቅ ስኳሩ ድንገት አሸዋ ይሆናል፤ ነጭ፣ ደረቅ፣ የተበላሸ የሚመስል። የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ውሃ ይጨምራል፣ ያኔ የእውነት ይበላሻል። የሚያውቅ እሳቱን ቀንሶ ያማስላል። አሸዋው ቀስ ብሎ ይቀልጥና ለውዙን ቀይ አድርጎ ያለብሰዋል። እናቴ ይህን የምታውቀው በዓይኗ አይደለም፣ በጆሮዋ ነው። «ሲንኮሻኮሽ አማስዪ፤ ድምፁ ሲወፍር አውርጂ» ትለኝ ነበር።

የዚያን ለት ማታም አውርዳ፣ ትሪ ላይ በትና፣ ሲበርድ በላስቲክ ቋጠረችልኝ። «ጾምም ቢሆን ብዪው» አለችኝ። «ከኔ እጅ የወጣ አያስገድፍሽም።»

ደላላው የሞጣ ሰው ነበር። «ሥራው ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» ብሎ ነው ያሳመነን። «ልብሱን ማሽን ያጥበዋል፣ ሳህኑን ማሽን ያጥበዋል፣ እሷ መጫን ነው።» አልዋሸም። ቤሩት ስደርስ ማሽኑ ነበረ። ማሽኑ እኔ ነበርኩ።

ቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ ሐበሾቹን ብቻ ለይተው አንድ ክፍል አስገቡን። ፓስፖርታችንን ሰበሰቡና ማዳሞቻችን መጥተው እስኪወስዱን ተቀመጡ አሉን። እናንተ ገበያ ላይ በግ ስትገዙ ቢያንስ ከበጉ ጋር ትተያያላችሁ። አንዱ ፈታሽ ቦርሳዬን ከፈተና ለውዙን አወጣ። ከመካከላችን ዓረብኛ የምትሰማ ልጅ ነበረች፣ እሷ ትነግረኛለች።

«ይኼ ምንድን ነው ይላል።»

«ለውዝ ነው በይው።»

«ምን ገብቶበታል ይላል።»

«ስኳር።»

አንድ ቆረጠመ። ቅንድቡን አነሳ። ሌላ ቆረጠመ። ጓደኛውን ጠራና እፍኝ ሰጠው፤ እሱም በትጋት መረመረ። ሦስተኛ ሰው መጣ። ፍተሻው ሲያልቅ ለውዙም አለቀ። ባዶውን ላስቲክ መልሶ ሰጠኝና «ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ። ችግር የለም ማለት ነው። መጀመሪያ የተማርኩት ዓረብኛ ይኸው ነው። እዚህ አገር ይህን ቃል የሚናገር ሰው ሁልጊዜ ችግሩ የራሱ ያልሆነ ሰው ነው።

ማዳሜ ዘንድ ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደ ምንም ደፍሬ ነገርኳት።

«ጾም ምንድን ነው?»

«ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም።»

«እስከ መቼ?»

«ሁለት ወር ግድም።»

ወደ ባሏ ዞራ ሳቀች። «እኔ በሐኪም ትእዛዝ ያቃተኝን ይቺ በገዛ ፈቃዷ ታደርገዋለች!» ከዚያ ወዲያ ፋሲካው አልፎም የምትሰጠኝ ዳቦና ዘይቱን የሚሉት የወይራ ፍሬ ብቻ ሆነ። ለምን ብዬ እንዳልጠይቃት ምላሴ ታሰረ። ውሌ እስኪያልቅ ያለ ፈቃዴ ጾምኩ።

ውሌ ሲያልቅ ስመኝን አገኘኋት። ሐበሾች እሑድ እሑድ የምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የተያየነው። ከሞጣ ነኝ ስትለኝ እህቴን ያገኘሁ ያህል አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ስደት እንዲህ ያደርጋል፤ አገር ቤት ቢሆን ለሞጣ ሰው ገበያ ላይ መንገድም አልለቅ። እሷ ደፋር ናት፣ ከዓረብ ጋር ተጨቃጭቃ ታሸንፋለች። እኔ ለውዝ እሠራለሁ፣ እሷ ትሸጣለች ተባባልንና አንዲት ክፍል ተከራየን። በሰዓት የምናጸዳበት ቤት ለምግባችን ይሆናል፤ ክፍሏን የምትይዝልን ግን ለውዟ ናት። ለውዙ ካልተሸጠ ክፍል የለም፤ ክፍል ከሌለ ማዳም ቤት መመለስ ነው፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍበት። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

አከራያችን አቡ ጀሚል ከታች ነው የሚኖረው። ለውዝ በጣድን ቁጥር ደረጃውን እያቃሰተ ይወጣል።

«ፋብሪካ ከፈታችሁ?»

«ሽታው ነው እንጂ ጭስ የለውም» ትለዋለች ስመኝ።

«ሽታው ስኳር በሽታዬን ያስነሳብኛል!»

«እንግዲያ አትቅመስ።»

«ካልቀመስኩ በሽታዬ መነሳቱን በምን አውቃለሁ?» ይልና እጁን ትሪው ውስጥ ይከታል።

እንዲህ አድርጎ ከኪራዩ ሌላ የለውዝ ግብር ያስከፍለናል። ሲወርድ ደግሞ መብራቱን ያጠፋል፣ ደረጃው ላይ ቆመን እንዳናወራ።

የቢቸና ነፋስ ናፈቀኝ ስል ለወግ አይደለም። እናንተ ዘንድ ለውዙ ትሪው ላይ እንዳለ ደርቆ ይንኳኳል። እዚህ ባሕሩ አጠገብ አየሩ ራሱ ያልበዋል። ጠዋት የጠቀለልነው ከቅዳሴ በኋላ ተጣብቆ ይገኛል። ሴቶቹም ይቀልዱብኛል። «እናኑ፣ ለውዝሽ ከጥርሴ ጋር ተቆራኘ» ይሉኛል። እየሳቁም ቢሆን ይገዛሉ፣ ጾም ነዋ። ቅቤ የለበት፣ ወተት የለበት፣ «የእናኑ ለውዝ» ብለው በስሜ ይጠሩታል። የሚሸጠው በስመኝ አፍ፣ የሚታመነው በእኔ እጅ ነበር።

ዐቢይ ጾም ተጋምሶ አንድ ቅዳሜ የማጸዳበት ቤት እንግዳ መጥቶ አቆዩኝ። ስመኝ ለብቻዋ፣ እሷ በምታጸዳበት ቤት ባለው ኦቨን ሠርታ ጠበቀችኝ። እሑድ ለውዙ እንደ ዶቃ ያብለጨልጭ ነበር። አይጣበቅም፣ ሲቆረጠም ይጮኻል። ሴቶቹ ተሻሙበት። እትዬ ዘነቡ፣ የማኅበራችን ታላቅ፣ ሁለት ጥቅል ወሰዱ። አገር ቤት ለታመመ ልጃቸው ሱባዔ ይዘው ከለውዙና ከውሃ በቀር የሚቀምሱት አልነበረም። «እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ» ሲሉኝ መሬት መሬት እያየሁ «አሜን» አልኩ።

ማታ ክፍላችን ገብቼ የተረፈችውን አንዷን ቆረጠምኩ። እንቁላል እንቁላል አለኝ።

«ስመኝ፣ ምን ጨመርሽበት?»

«ደረቀ አይደል? መላ አለው አላልኩሽም?»

«ምን ጨመርሽበት ነው የምልሽ።»

«የእንቁላል ነጭ። ማዳሜ እንዲህ ነው የምታሠራኝ።»

«ጾም ነው እኮ!»

«ነጩን ነው ያልኩሽ። አስኳሉን መች ነካሁት? ጫጩት የሚሆነው አስኳሉ ነው። ነጩ ውሃ ነው።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሞጣ ሕፃኑም ያውቀዋል።»

«እንግዲያ ሞጣ ሕፃኑም ገድፏል!» አልኳት። በሕይወቴ ሰው ላይ የጮኽኩት ያኔ ነው።

ከታች አቡ ጀሚል ጣሪያውን በዱላ መታ። ስመኝ ግን ሳቀችብኝ። «ምን ያስጮኽሻል? ዝም ብትዪ ማን ያውቃል? ዝም ማለት እንደሆነ ታውቂበታለሽ።»

ሳምንቱን በሙሉ አልተነጋገርንም። ዝም ብል ክፍላችን ይተርፋል፣ እኔም እተርፋለሁ። ግን እትዬ ዘነቡ እነዚያን ሁለት ጥቅሎች ልጃቸው ይድናል ብለው እየቆረጠሙ ሲጸልዩ ይታየኛል። የሚቀጥለው እሑድ ያለ ለውዝ ሄድኩ። ስመኝ ልትከለክለኝ እየተከተለች መጣች።

«ምነው ባዶ እጅሽን?» አሉኝ እትዬ ዘነቡ።

«እትዬ… ያለፈው ሳምንት ለውዝ… እንቁላል ነበረበት።»

«ምን አልሽ?»

«እንቁላል።»

የሰማችው ላልሰማችው አቀበለች። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ጮኸ። «አስገደፈችን!» «ይኸን ሁሉ ቀን የለፋሁትን!» «እንደ ማዳሞቿ ጾም የማናውቅ አደረገችን!» አንዷ «አይናፋር ናት ስንል አጥፍታ ኖሯል የምትሸማቀቀው» አለች። «እኔ አይደለሁም» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣልኝም። ወደ ስመኝ ዞሬ አየኋት፣ አንድ ቃል ትናገርልኝ ብዬ። ነጠላዋን አስተካከለችና ከሴቶቹ ጋር አብራ «ወይ ጉድ!» አለች።

እትዬ ዘነቡ አልጮኹም። ይዘውት የነበረውን እጄን ለቀቁና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከጩኸቱ ሁሉ ይኸ ነው የገደለኝ።

ቄሱ ደግ ሰው ናቸው። ሳያውቅ የበላ አልገደፈም ብለው ሴቶቹን አጽናኑ፣ ለእኔ ስግደት ሰጡኝ። ላላጠፋሁት ጥፋት ሰገድኩ። ክፍላችን ገብቼ ሴራሚክ ወለሉ ላይ ስወድቅ ስነሳ አቡ ጀሚል መጣ።

«ምን እየፈለጥሽ ነው?»

«እየጸለይኩ ነው።»

«አምላክሽ ደንቆሮ ነው? ቀስ ብለሽ ንገሪው!»

ስመኝ አልጋዋ ላይ ሆና በትራሷ አፏን ይዛ ትስቃለች። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር አንድ መጋረጃ ለይቶን እየኖርን ነው። ይቅር በያት ትሉኝ ይሆናል። አልልም። ቄሱ ስለ ሴቶቹ አዘኑ፣ ሴቶቹ ስለ ጾማቸው አዘኑ፤ ለእኔ ያዘነ ካለ ስሙን ንገሩኝ።

አሁን እኔ ያን ግቢ አልረግጥም። ስመኝ ግን ትሸጣለች። «የሞጣ ለውዝ» ትለዋለች። ኦቨኑን ትታ በእናቴ መንገድ ነው የምትሠራው፣ ጎን ለጎን ስንሠራ ከእጄ ያየችውን። ቢጣበቅም ይገዟታል፣ «የተጣበቀው ነው የጾሙ» እያሉ። የኪራይ ድርሻዬን የምከፍልበት ስላጣሁ፣ የአክስቷ ልጅ ከሞጣ መጥታ አልጋዬን ትይዛለች። እኔ ነገ ጠዋት ሌላ ማዳም ዘንድ እገባለሁ፤ ስልክ አይፈቀድም ተብያለሁ። ቦርሳዬ በሩ ሥር ነው።

ከመግባቴ በፊት ብዬ ዛሬ ለእናቴ ደወልኩ። ስመኝ ከመጋረጃው ወዲያ የነገውን ለውዝ ጥዳለች።

«እናኑዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ እናቴ፣ ሰላምታውን ሳትጨርስ። ከግቢው ሴቶች አንዷ ለቢቸና ዘመዶቿ በስልክ አውርታላቸዋለች፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። መናኸሪያው በር ላይ አንዱ ለውዟን አንስቶ «የልጅሽ ዓይነት ነው?» ብሎ መልሶ አስቀምጦባታል። «እኔ ነው ያስተማርኩሽ» አለች። «ከኔ እጅ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣም። እውነት ነው?»

«እማዬ…»

የስመኝን ስም ልጠራ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ስኳሩ አሸዋ ሆነና መንኮሻኮሽ ጀመረ። እናቴ ትንፋሿን ይዛ እንደምታዳምጥ አወቅሁ።

«እየቆላሽ ነው እንዴ?»

ወደ መጋረጃው ዞርኩ።

«ይሰማኛል። ውሃ እንዳትጨምሪ፣ አማስዪ። እሰይ… እሰይ… እንዲህ ነው እንጂ።» ድምፁ ወፈረ። «አውርጂ!» አለችኝ፤ ከመጋረጃው ወዲያም ስመኝ ድስቱን ስታወርድ ሰማሁ። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «ውሸታቸውን ነው። ይህን የምታማስል እጅ እንቁላል አትነካም። ነገ መናኸሪያው በር ላይ በጆሮዬ ሰማሁ እላቸዋለሁ። በዪ ትሪው ላይ በትኚው፣ እንዳይጣበቅብሽ። መቼ ትደውይልኛለሽ?»

እጄ ላይ ከስልኩ በቀር ምንም አልነበረም።

«እሺ እማዬ» አልኳት። «እየበተንኩት ነው።»