በእግሯ ወደ ራጉኤል

ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በራጉኤል ዕለት፣ ልጄን ሶስናን ይዤ ከአያት ተነሳሁ። ስለት ላስገባ ነው። እርጉዝ ሳለሁ ኮሮና ይዞኝ፣ ኦክስጅን ተደርጎልኝ ተኝቼ ነበር። ያኔ፣ «በሆዴ ያለውን ለምነህ ካተረፍክልኝ፣ ከእንጦጦ ማርያም እስከ ደጅህ በእግሩ መጥቶ ጃንጥላ ያስገባል» ብዬ ተሳልኩ።

ሶስና በሰባት ወሯ ተወለደች። ቫይረሱ አልተገኘባትም፤ ሳንባዋ ግን ገና አልጠነከረም ነበር። አሥራ አንድ ቀን አንዲት ነርስ በስልኳ በምታሳየኝ ምስል ብቻ አየኋት። በኋላ ማስክ አድርጌ ሳቅፋት፣ ነርሷ የደቂቃ ትንፋሿን መቁጠር አስተማረችኝ። ይኸው አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በተኛች ቁጥር እቆጥራለሁ። ጉንፋን በነካት ቁጥር ደረቷን ስለሚያፍናት ስለቱን ሳዘገየው ኖርኩ።

ባለቤቴ በር ድረስ ሸኘን።

«ከደከማት እዘያት። ራጉኤል አይቀየምም።»

«ቃሌ በእግሯ ነው።»

«እሺ፣ አንቺንስ ማን ያዝልሻል?» ብሎ ሳቀ።

ሦስት ሰዓት፣ ቀበና

እስከ መገናኛ በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ። የቀበናን ድልድይ ተሻገርን። አምቡላንሱ የወሰደኝ በዚሁ መንገድ ነው፤ ያን ቀን ያየሁት ጣሪያውን ብቻ ነበር። ሶስና አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች።

«እማዬ፣ ወንዙ ቆሻሻ ነው።»

እውነቷን ነው። ለእኔ ግን ያምር ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል፣ እንጦጦ

ከሽሮ ሜዳ ሌላ ታክሲ ይዘን ማርያም ደረስን። ተሳልመን፣ የሃያ ብር ቆሎ ገዝተን በእግር ጀመርን። አየሩ ቀዝቃዛና ስስ ነው። ጃንጥላውን እኔ ይዤ፣ ዓይኔ ከደረቷ አልተነሳም።

«ቁሚ፣ እረፊ።»

«አልደከመኝም።»

ጥቂት ሄደን፣ «ቁሚ» አልኳት ደግሜ። ከኋላችን የሚመጡ አንዲት እማሆይ ሰሙኝ።

«ልጅቷ ምን ሆና ነው የምታስቆሚያት?»

«ስለቷን በእግሯ ልታስገባ መጥታ፣ ትንፋሽ እንዳያጥራት ብዬ ነው፣ እማሆይ።»

«የሚያለከልከው ሌላ ሰው መሰለኝ» አሉ፣ በመቋሚያቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ።

እውነትም የማለከልከው እኔ ነበርኩ። ከባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ አልኩ። ሶስና ጃንጥላውን ከእጄ ልትወስድ ያዘችው።

«እማዬ፣ አንቺ እረፊ። እኔ እይዘዋለሁ።»

እማሆይም፣ «ልቀቂላት። የመጣው የሷ ስለት አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ለቀቅኩላት። የወርቅማው ጃንጥላ ዘርፍ ከፊት ከፊቴ እየተወዛወዘ፣ እየተከተልኳት ራጉኤል ደረስን። ጃንጥላውን ስታስረክብ ካህኑ የማን ስለት እንደሆነ ጠየቋት። «የኔ፤ በእግሬ ነው የመጣሁት» አለቻቸው። እናቶች እልል አሉ። እኔ ማልቀስ እንጂ እልል ማለት አቃተኝ። ተመስገን።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

ጫማዋን ሳላወልቅላት አልጋ ላይ ተኛች። እንደ ልማዴ ስልኬን አውጥቼ ትንፋሿን መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ጫማዋ ላይ የተጣበቀውን የእንጦጦ ቀይ አፈር አየሁና ቁጥሩ ጠፋኝ። እንደገና አልጀመርኩም።