የስልክ ተቀባይዋ ሰርቨር

የክሊኒኩ ስልክ ተቀባይ ነበረች። ድምፅዋን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ ጨዋታ አዋቂ ስለሆነች፣ ደዋዩን ገና ሳይታከም ግማሽ በሽታውን ታስረሳው ነበር። ታዲያ ጉሮሮዋን ታማ ቀዶ ጥገና ተደረገላትና፣ ከሹክሹክታ የማያልፍ ድምፅ ይዛ ቤት ዋለች። ያ ሁሉ ወሬ የለመደ አፍ ተዘግቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ ሆዷ ባባ።

የደረሰችላት የወንድሟ ሚስት ናት። ፕሮግራመር ናት፤ ከአፏ ቃል ጠብ ስለማይል ቤተሰቡ «ዝምታ» ይላታል። ለስልክ ተቀባይዋማ እስከዚያ ድረስ ኩራተኛ ትመስላት ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት ዝምታ ላፕቶፗን ይዛ መጣችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ይሄም ስልክ መቀበል ነው» አለቻት። «ሰው ካለበት ሆኖ ይጠይቃል፤ ሰርቨር የሚባለው ፕሮግራም ያዳምጥና ይመልሳል። ምን ብሎ እንደሚመልስ ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?» አለች በሹክሹክታ።

«ጣትሽ መቼ አረጀ!»

ጥቂት መስመር ጻፉ። አንዲት ቅንፍ ሳትዘጋ ብትቀር ኮምፒውተሩ በቀይ ጽሑፍ ተቆጣት። ዘጋቻት። ብሮውዘሩን ስትከፍት «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። የራሷ ሰላምታ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር አብረው እየተቀመጡ የክሊኒኩን ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ይሠሩ ጀመር። ፍዳዋን ያሳያት ፕሮግራሟ የቀጠሮውን ፋይል አንብቦ ሳይጨርስ ባዶ መልስ መስጠቱ ነበር።

«ፋይሉን እንዲያመጣ የላክሽው ሳይመለስ ነዋ የምትመልሺው!» ብላ ሳቀች ዝምታ። «እስኪመጣ ጠብቅ በይው።»

«ጠብቅ» ማለት የሆነችውን «አወይት» የምትባል ቃል ጨመረችና ቀጠሮዎቹ ተደርድረው መጡ። ዕድሜ ልኳን «አንዴ ይጠብቁኝ» ስትል ኖራ ይቺን መርሳቷ ራሷንም አሳቃት።

ሥራው ሲያልቅ ለክሊኒኩ ኃላፊ አሳዩት። በገዛ ስልኩ ቀጠሮ ይዞ ሞከረና «በይ ከሰኞ ጀምሮ ግቢልን» አላት። ከጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጧት።

በዚያው ሳምንት አንድ መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ በሯን አንኳኳ። እስከዚያ ቀን ቀጠሮ ለመያዝ የሚደውልለት ዘመድ ይለምን ነበር፤ አሁን ብቻውን ይዞ መምጣቱ ነው። ስልኩን አሳያት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎም ጎንበስ አለ። እሷም ብድግ ብላ እንደዚያው አደረገች።

እሱ ሲወጣ ለዝምታ መልእክት ጻፈች፦ «ተመስገን ነው። ለአንቺም ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አሜን እትዬ። እሁድ ደግሞ የቀጠሮ ማከማቻውን፣ ዳታቤዙን እንጀምራለን።»