ጤነኛ ነኝ ብዬ የሰጠሁት ደም

እብጠቱን ያገኘሁት ሰሜራ፣ ከሥራ ገብቼ ገላዬን ስታጠብ ነው። ግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብት ጠጋ ብሎ፣ ሽንብራ የሚያክል ጠጣር ነገር። አላመመኝም። ሳሙናውን አስቀምጬ ደግሜ ዳሰስኩት። አለ። ቀኙን ዳሰስኩ፤ የለም። በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደነካካሁት አላውቅም፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰሜራ ብቻዬን ስለምኖር የሚጠይቀኝም አልነበረም።

የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ሌላ ሴት ብትሆን «ዛሬውኑ ሐኪም ይይሽ» እላት ነበር። በራሴ ሲመጣ ግን መቀመጫ አጣሁ። ናሙና እቀበላለሁ፣ ብድግ እላለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ ወላፈኑ ፊቴን ሲመታኝ እመለሳለሁ። ባልደረቦቼ «ሰዓዳ፣ ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ «ሙቀቱ ነው» እላለሁ። ሰሜራ ውስጥ ይህን ሰበብ የሚጠራጠር የለም።

በዚያው ሰሞን ተስፉ መጣ። ቀድሞ አብሮኝ የሠራ፣ አሁን አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ባለሙያ ነው። ጥናቱ በጡት ካንሰር ሕሙማን ደም ውስጥ ስላለው ማይክሮ አር ኤን ኤ ነበር። ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሴላችን ፕሮቲን ለመሥራት ከዲኤንኤው ላይ መልእክት ይገለብጣል። ማይክሮ አር ኤን ኤ በጣም አጭር ቁራጭ ነው፤ ራሱ ፕሮቲን አይሠራም፣ ግን መልእክቱ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ይገታል። ካንሰር ሲመጣ ይህ ቁጥጥር ይዛባል። ዕድገትን ይገቱ የነበሩት ይመናመናሉ፤ እንደ ሚአር-21 ያሉት ደግሞ ይበዙና መሞት የነበረበት ሴል እንዳይሞት ያግዛሉ። ከሴሉ ወጥተው ደም ውስጥም ይገኛሉ። ተስፉ የሕሙማኑን ደም ከጤነኞች ደም ጋር ለማነጻጸር ፈቃደኛ ሴቶች ፈልጎ ነበር የመጣው።

እኛ የላብራቶሪ ሰዎች አንድ ልማድ አለን። አዲስ ምርመራ በገባ ቁጥር ለጤነኛ ናሙና መጀመሪያ የምንወጋው የራሳችንን ክንድ ነው። ስለዚህ ክንዴን ስዘረጋ ማንም አልተገረመም። ቅጹ ላይ «ጡትዎ ላይ ያስተዋሉት እብጠት አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ «የለም» ብዬ ፈረምኩ። የሆዴን ልናገር፦ ልብሴን ሳላወልቅ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ደሜ ብቻውን እንዲነግረኝ ፈልጌ ነበር። የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማውን፣ በሚያሽከረክረው ሴንትሪፊውጅ የለየሁት ራሴ ነኝ። ጥርት ያለ ቢጫ ነበር። ሠላሳ አንድ ብዬ ቁጥር ጻፍኩበት፤ ተስፉም የማን እንደሆነ ሳያውቅ ከሌሎቹ ጋር በበረዶ ሳጥን ይዞት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ጀመር። ስለ ሚአር-21 የተጻፈ ካገኘሁ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን እከፍታለሁ፤ አንዱ ተስፋ ይሰጠኛል፣ ሌላው ይነጥቀኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተስፉ ደወለ።

«ሰዓዳ፣ ከጤነኞቹ አንዷ ከሕሙማኑ ጋር ተቀላቀለችብኝ። ሠላሳ አንድ ቁጥር። ሚአር-21 ሰማይ ነክቷል። ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ፕላዝማው ምን ይመስል ነበር?»

ቀይ የደም ሴል ሲፈነዳ ፕላዝማው ይቀላል፤ የማይክሮ አር ኤን ኤ ውጤትም ይዛባል። ይህን ማወቄ ጠቀመኝ ልበል?

«ቀላ ብሎ ነበር» አልኩት። «ሙቀቱ አበላሽቶት ይሆናል። አውጣው።»

አመነኝ። አወጣው። እኔም ስልኩን ዘግቼ ወደ ናሙናዎቼ ተመለስኩ።

ወራት አለፉ። ለዒድ አዋሽ ሄድኩ። አባታችን የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ስለነበር ያደግነው እዚያ ነው፤ ታላቅ እህቴ ዘሃራ አሁንም በጣቢያው አጠገብ ባለው ቤት ትኖራለች። ስታቅፈኝ ሸሸሁ። እጇን ብብቴ ሥር ከተተች። ፊቷ ተለወጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ነገርኳት።

«ያ አላህ! የሰው ደም ስታዪ እየዋልሽ የራስሽን ትደብቂያለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። በማግስቱ አዲስ አበባ ነበርን።

በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ጠበቅን። ካንሰር ነው። ብብቴ ውስጥ ያሉት ሊምፍ ኖድ የሚባሉ እጢዎች ጋ ደርሷል። ሌላ ቦታ አልታየም።

ለሐኪሟ ስለ ሠላሳ አንድ ቁጥር አልደበቅኳትም። ምክንያቱም ራሴን ስወቅስ የምወቅሰው በዚያ ነበር።

«ያ ውጤት ብቻውን ካንሰር አለብሽ ሊልሽ አይችልም፤ በሌላ ሕመምም ከፍ ሊል ይችላል» አለችኝ። «ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮም ነፃ ነሽ አይልሽም። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። አንቺ ግን በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ነበረሽ። መምጣት የነበረብሽ ለእሱ ነው።»

«ያኔ ብመጣ ብብቴ ጋ ሳይደርስ ይገኝ ነበር?»

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል።»

ያ «ሊሆን ይችላል» ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ኬሞቴራፒው ተጀመረ። አዲስ አበባ መድኃኒቱን ወስጄ፣ የሰሜራን ሙቀት ስለማልችለው፣ እስከሚቀጥለው ዙር ዘሃራ ቤት አዋሽ እቆይ ነበር። አፌን ብረት ብረት ይለኛል፣ አጥሚቱ ሳይቀር ይሸተኛል፣ ድካሙ አልጋ ላይ ይጥለኛል፤ ግን ተኝቼም አላርፍም፣ ትንሽ ቀና ስል ተነስቼ በድሮው ጣቢያ ሐዲድ ዳር ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ዘሃራ «ቁጭ በይ እንጂ!» ስትለኝ «አልችልም» እላታለሁ፤ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፣ በኋላ ግን «እንግዲያው አብሬሽ ልዙር» ብላ ነጠላዋን እያስተካከለች ከጎኔ መሄድ ጀመረች፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የሚያየን ሁሉ ባቡር የምንጠብቅ ይመስለው ነበር። ጡቴ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ክንዴን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማንሳት የተለማመድኩትም በዚያው የእግር ጉዞ ነው።

ትንሽ ስበረታ ለተስፉ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ደውዬልሽ ነበር እኮ፣ ሰዓዳ» አለ። «አንቺኑ ነው የጠየቅኩት።»

ስለ ጥናቱ አንድም ቃል አላነሳም። ይህ ከስድብ ይበልጥ አሳፈረኝ። በኋላ ለአማካሪው አስረድቶ፣ ናሙናው ለምን ከጤነኞቹ ተራ እንደወጣ እውነቱን ጽፎታል።

አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን እወስዳለሁ። የክትትል ቀጠሮ ሲቃረብ ያ መቁነጥነጥ ይመለሳል፤ ድኛለሁ ብዬ አልፎክርም። ሐኪሜን፣ ክንዴ ላይ ደም ሥር እስኪያገኙ የታገሱኝን ነርሶች፣ ይቅር ያለኝን ተስፉን አመሰግናለሁ። ዘሃራን ግን አመስግኜ አልጨርሳትም።

እብጠት ላገኘሽ እህቴ፦ ማይክሮ አር ኤን ኤ አንድ ቀን ብዙ ሰው ያድን ይሆናል፤ ከልቤ እመኘዋለሁ። እስከዚያው ግን የሐኪም እጅና መርፌ አለልሽ። እኔ ያባከንኳቸውን ወራት ማንም አይመልስልኝም፤ ያንቺ ገና አልባከኑም። ብቻሽን መሄድ ከፈራሽ ለእህትሽ ንገሪያት። ትጮህብሽ ይሆናል፤ ከዚያ ግን ጫማዋን አድርጋ ትከተልሻለች።