በሰዓት የሚሸነፈው ሰዓት ሠሪ

የሰፈራችን ሰዓት ሠሪ ቼዝ ሲጫወት የሚሸነፈው በሰዓት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔም ትንሽ ሳልጨምርበት አውርቼ አላውቅም። እጁን ወደ ፈረሱ ይሰድና «ቆይ፣ ቆይ» ብሎ ይመልሰዋል። «ጋሽ ቆይ» ያልነው ለዚህ ነው። ያማረ ጨዋታ ይዞ፣ የተሰጠው አምስት ደቂቃ እጁ ላይ ያልቅበታል።

ሁሌ የሚያሸንፈው የሚስቱ ወንድም፣ ሥጋ ሻጩ ነው። እሱ ቼዝንም እንደ ሥጋው ነው፤ ቆርጦ ይጥላል።

«ጋሼ፣ እህቴን ስትጠይቅም እንዲህ አስጠብቀኸን ነበር» ይለዋል።

«ቢሆንም አገኘኋት!»

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የሰፈሩ ቼዝ ክለባችን ከዳቦ ፋብሪካው ሠራተኞች ጋር ሊገጥም ነውና በቡድኑ አንድ ወንበር ቀረ። እሑድ ከሁለቱ ያሸነፈ ይቀመጥበታል። ጋሽ ቆይ ተመልካች ሆኖ ማርጀት አልፈለገም።

ሚስቱ ልምምዱን ኩሽና ውስጥ አስጀመረችው። እሷ አንድ ራስ ሽንኩርት ከትፋ ሳትጨርስ እሱ መጫወት አለበት።

«ንጉሥህ ሰላም ነው? የሚበላብህ አለ? የለም? በል አንሣ!»

ቤቱ ሽንኩርት በሽንኩርት ሆነ፤ ሰውየው ግን ዕንባውን እየጠረገ ፈጠነ።

ቅዳሜ ክለብ ሄዶ ሲሞክረው ያው «ቆይ፣ ቆይ» ሆነ። ሚስቱ ከጀርባው ቆማ አየችው። ልቡ ሰሌዳው ላይ የለም፤ ጆሮው ወደ ቼዙ ሰዓት ዘንበል ብሏል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደመጥክ ነው?»

«ይኼ ሰዓት እኮ ያነክሳል። ስሚው፤ ቀጭ... ቀ...ጭ። ውስጡ ቆሽሿል።»

«ታዲያ ቤት እንዴት ፈጠንክ?»

«ሽንኩርት አያነክስማ!»

«በል ወስደህ አክመው፤ አለዚያ ወንበሩን እርሳው!»

የክለቡን ሊቀመንበር አስፈቅዶ ወሰደው፤ ፈታታው፣ ጠረገው፣ ዘይት አቀመሰው።

እሑድ ሰዓቱ እንደተኛ ሕፃን ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። ጋሽ ቆይ የሚያደምጠው አጣ። ንጉሡን አየ፣ የሚበላበትን አየ፣ አነሣ። ደግሞ አነሣ።

ሥጋ ሻጩ ተቁነጠነጠ። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ቆሟል እንዴ?»

«ይሠራል። ተጫወት።»

ለካ ሥጋ ሻጩን ሲያጣድፈው የኖረው ያ ቀጭ ቀጭታ ነበር! ጸጥታው አረጋጋውና ማሰብ ጀመረ፤ ማሰብ ደግሞ አልለመደበትም። እጁን ወደ ንግሥቲቱ ሰደደ፣ መለሰ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሳያውቀው።

ክለቡ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሳያባራ ደቂቃው አለቀበት፤ ወንበሩም የጋሽ ቆይ ሆነ።

«አይዞህ ወንድምዬ» አለች እህቱ ትከሻውን መታ መታ እያደረገች፤ «ቤት የተረፈ ሽንኩርት አለ።»