ባለጠጋውን አዝማሪ ተከትዬ ወደ ደምበጫ

ንጋት፣ ደብረ ማርቆስ

ዶሮ ከጮኸ ቆይቷል። የኅዳር ውርጭ ሣሩን አመድ የነሰነሱበት አስመስሎታል። እኔ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ደጅ ቆሜያለሁ። ባሌ ደመቀ ካባውን ለብሶ ያወልቃል፣ አውልቆ ይለብሳል። ግቢያችን በቅሎ ሞልቶታል፤ ሁሉም የእሱ ነው። እሱ ግን በበቅሎ አልሄድም ብሏል።

«በበቅሎማ ማንም ይሄዳል» አለኝ። «እኔ ደምበጫ የምገባው በካሚዮን ነው። ካፒታኖው ማን እንደሆንኩ ይወቅ።»

«ማን እንደሆንክ ባያውቅ መቼ ይጠራህ ነበር?»

ደመቀ አዝማሪ ነው። በማርቆስ ትልቁ ጠጅ ቤት የእሱ ነው፤ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤትም አለው፤ በቅሎ ለነጋዴ ያከራያል። የጠራው የደምበጫው ጣሊያን ሹም ነው፤ አገሬው «ካፒታኖ» ይለዋል። በገበያ ቀን ሕዝብ ፊት ቆሞ እንዲዘፍንለት ይፈልጋል፤ ዘፈኑም ጫካ የገቡት አርበኞች መሣሪያቸውን ይዘው እንዲገቡ የሚመክር እንዲሆን። ከዘፈነ በሞተር የሚዞር ወፍጮ እንዲያቆም ይፈቀድለታል። ባይዘፍን ምን እንደሚሆን መልእክተኛው አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም። አፋቸው ያመለጣቸው አዝማሪዎች በዚያ ዘመን ምን እንደደረሰባቸው ያልሰማ የለም።

ደመቀ ከዚህ ሁሉ የሰማው ወፍጮ የሚለውን ብቻ ነው። ሌሊቱን በእንቅልፍ ልቡ «ሞተር» ሲል አድሯል። ልጆቹን መርጡለ ማርያም አባቴ ዘንድ ልኬ እኔም አብሬው ተነሣሁ፤ አፉን ልጠብቅ ብዬ።

ረፋድ፣ ጨሞጋ

በዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠን እንሄዳለን። መንገዱ አዲስ ስለሆነ ድንጋዩ ገና አልተኛም፤ ካሚዮኑ በዘለለ ቁጥር ጥርሴ ይጋጫል። ነጠላዬ ዱቄት፣ ቅንድቤ ዱቄት፣ የደመቀ ጥቁር ካባ ደግሞ የወፍጮ ቤት መጋረጃ መስሏል። ጨሞጋ ወንዝ ዳር ስንደርስ ሾፌሩ ሞተሩን ሊያበርድ አቆመ። የአስመራ ልጅ ነው፤ ጨዋታ ይወዳል።

«ይህን ሁሉ ሀብት በዘፈን ነው ያገኘኸው ይባላል፤ እውነት ነው?» ብሎ ደመቀን ጠየቀው።

ምነው ምላሱን በያዘው! ደመቀ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተወለድኩት ይጁቤ አጠገብ ነው» አለ። «አባቴም አዝማሪ ነበር። ሰርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዜም ያድርና ጠዋት አንድ ቁና እህል ተሸክሞ ይመለሳል። ጠጁን የጣለችው ሴትዮ ግን ጠገራ ብር ቋጥራ ነው የምትሄደው። ልጅ ሆኜ ይህን አየሁ። ሰው ዘፈን ሲሰማ ይጠማዋል። እንግዲያስ ጥማቱንም ውኃውንም አንድ ሰው ለምን አይሸጠውም?»

ሾፌሩ ሳቀ። ደመቀ ቀጠለ። በግንባሩ የሚለጥፉለትን ሽልማት ሳይጠጣበት ማር ገዛበት። ማሩን በትከሻው ተሸክሞ ማርቆስ አገባና ጠጅ ቤት ከፈተ። ዘፈኑ በነጻ፣ ብርሌው በዋጋ። ከዚያ አንድ በቅሎ፣ ከዚያ የጨው ንግድ። ጣሊያን ገብቶ መንገድ ማሠራት ሲጀምር ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ደንበኛው ሆነ።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔ የለሁም። ጋኑን ማን እንዳጠነ፣ ጌሾውን ማን እንደወቀጠ፣ የሰከረውን ማን እየገፋ እንዳስወጣ አይወራም። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ዳዊት አስደግመው ያሳደጉኝን ልጃቸውን አዝማሪ አገባት ብለው የልጅ ልጅ እስኪያዩ ድረስ አላናገሩኝም። ይህም አይወራም።

ሾፌሩ ወደ ወንዙ ገባ። መሐል ላይ የካሚዮኑ የኋላ ጎማ አሸዋ ውስጥ ሰጠመ። ደመቀ ጆንያው ላይ ቆሞ «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!» እያለ እንደ ጦር አዝማች ያዛል። ከሥር የሆነ ነገር ጓ አለና ሞተሩ ጸጥ አለ።

ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወረድኩ። ወዲያ ማዶ ፀሐይ ስንሞቅ ከኋላችን ቃጭል ተሰማ። ደምበጫ ማር ሊጭኑ የሚወርዱት የራሳችን በቅሎዎች ናቸው። ባዶአቸውን!

«ምነው ጌታዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለ ነጂው፣ ሳቁን በጋቢው ሸፍኖ።

ደመቀ አንዷ ላይ ወጣ። እኔም አንዷ ላይ ወጣሁ። ከዚያ እስከ አማኑኤል ድረስ አላናገርኩትም፤ እሱም ያን ያህል ቅር ያለው አይመስልም። በየጎጆው ደጅ እየቆመ የማር ዋጋ ይጠይቃል። አንዷ ሴት ለአንድ ጉንዶ ማር የጠራችው ዋጋ ተወደደበትና በጣሊያን ሊሬ እከፍላለሁ አላት። «ሊሬህን ለላምህ አብላት!» ብላ በሩን ዘጋችው። የዚያን ቀን የተደሰትኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አመሻሽ፣ አማኑኤል

ያረፍነው ሸህ እንድሪስ ቤት ነው። ሸህ እንድሪስ የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ናቸው፤ ደመቀ በመጀመሪያዋ በቅሎው ጨው ያመላልስላቸው ስለነበር እንደ ልጅ ያዩታል። ሥጋው የየሃይማኖታችን ስለሆነ በቅቤ ያበደ ሽሮና ወተት ቀረበልን። በልተን እጃችንን እንደታጠብን ሸሁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደመቀ፣ መልእክት አለህ። ከጫካ ነው። ስሙን አልጠራልህም፤ አንተ ሰርጉ ላይ የዘፈንክለት ሰው ነው።»

«ምን አለ?»

«‹ለጣሊያን ከዘፈነ በኋላ ማሲንቆ የሚመታበት ጣት አይኖረውም› ብሏል።»

ደመቀ ጣቶቹን አያቸው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወፍጮው እኮ ለእነሱም ይፈጫል!»

ወተቱ ትን አለኝ። ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ሁለት እሳት መሐል ገብተህ ስለ ወፍጮ ታወራለህ?»

ሸሁ ለሶላት ሲነሡ ደመቀን ያዝኩት። «ስማኝ» አልኩት። «አሁን ብትቀር ጣሊያን ይፈልግሃል። ሂድና የታዘዝከውን በደረቁ ዝፈን፤ ሳይጥም፣ ሳይሞቅ። ሰው ተገድዶ እንደሆነ ይገባዋል። ቅኔ ግን እንዳታስገባበት። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፣ ገና ከአፍህ ሳይወጣ እሰማዋለሁ። ማል!»

«በአባትሽ ስም!» ብሎ ማለ። ባልማለው ይሻል ነበር።

ማግስት ጠዋት፣ ተምጫ

ወደ ተምጫ ወንዝ ስንወርድ ጭስ ሸተተን። ከመንገዱ በላይ ያለው ማሳ ላይ የታጨደ ጤፍ ክምሩ እንዳለ ነዷል። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተንበርክከው አመዱን በእጃቸው ያበጥራሉ፤ ያልተቃጠለ ፍሬ ሲያገኙ ሰፌድ ላይ ያኖራሉ።

«እናቴ፣ ምን ደረሰብዎ?» አልኳቸው።

«ልጅሽ ጫካ ነው ብለው አቃጠሉት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ቆይተው ደመቀን አዩት። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ማሲንቆ አዩ። «አንተ የልጄ ሰርግ ላይ የዘፈንከው አይደለህም?»

«ነኝ፣ እናቴ።»

«በል ደህና ግባ» ብለው ወደ አመዳቸው ተመለሱ።

ደመቀ ከበቅሎው ወርዶ ካባውን ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው። ከዚያ በኋላ የማር ዋጋ አልጠየቀም። ስለ ወፍጮውም አላነሣም። በጉዟችን ሁሉ ዝም ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ሞኟ «ተመስገን፣ አረፍኩ!» አልኩ።

ቀትር፣ ደምበጫ

ገበያው ሞልቷል። በርበሬ፣ ጨው፣ ፈረስ፣ ከብት፣ የሚጮኽ ፍየል። ካፒታኖው በሰገነት ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ ፊቱን ፀሐይ የላጠው ሰው ነው። ባጠገቡ አስተርጓሚው ቆሟል፤ አፍ የፈታው በአማርኛ የሆነ የአገራችን ልጅ። ዙሪያውን ባንዳ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ደመቀ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ማሲንቆውን ቃኘ። እኔ ከሥሩ ቆሜ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። እሱ አያየኝም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ ግን ጊዜ አልነበረም።

«ከጫካ ውጣና ተመለስ ከማሳ፣
ነጩ ጤፍ ደርሶልሃል ማጭድህን አንሳ።»

ካፒታኖው የሰማው ገበሬው ጫካውን ትቶ አዝመራውን እንዲሰበስብ የሚለምን ምክር ነው። ገበያው ግን ነጩ ማን እንደሆነ፣ ማጭዱም ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። መጀመሪያ አንዲት በርበሬ ሻጭ «እሰይ!» አለች። ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። እኔ በርበሬው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

ካፒታኖው አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው ላብ በላብ ሆኖ ሕዝቡን አየ፤ ደመቀን አየ፤ ብዙ ተናገረ። ካፒታኖው ፊቱ በራ! አጨበጨበ! ያን ጊዜ ዳንን አልኩ። ሰውየው ግን ተነሥቶ ደመቀን ትከሻውን መታ መታ አደረገና ትእዛዝ ሰጠ።

«ዘፈኑን እጅግ ወዶታል» አለ አስተርጓሚው። «ከነገ ጀምሮ በየገበያው ሁሉ እየዞርክ ትዘፍነዋለህ። ወታደር ያጅብሃል። ወፍጮውም ተፈቅዶልሃል።»

ደመቀ ከሰገነቱ ሲወርድ አስተርጓሚው ተከትሎት መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«እትዬ፣ እኔ ጤፍ ነው ብያለሁ። ሌላ ቦታ ሌላ አስተርጓሚ ነው ያለው። እዚህም ቢሆን ከባንዳው አንዱ ሳይመሽ ይነግርብናል። እኔ ዛሬውኑ እጠፋለሁ፤ እናንተም ጥፉ።»

ደመቀን በበቅሎዎቹ መሐል ጎትቼ አስገባሁት። «በአባቴ ስም ምለህ!»

«የሴትዮዋ እጅ እኮ…» አለ። ከዚያ እንደ ባነነ ሰው «ቶሎ ማርቆስ እንመለስ። ጋኖቹ አሉ። ብሩ ተቀብሯል። ቆርቆሮው!» አለ።

«ቆርቆሮ አንገት የለውም፤ አንተ አለህ። ማርቆስ ከገባህ በራስህ ቤት ወራጅ ላይ ይሰቅሉሃል። ና ውጣ!»

ሰው ዛሬ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ያቆማቸውን ወፍጮዎቹንና ሱቆቹን እያየ «የደመቀ ዕድል» ይላል። ያን ቀን የዕድሜውን ጥሪት ሁሉ ትቶ በሁለት በቅሎ ከገበያ ሲወጣ ማንም አላየውም። የማርቆሱን ቤት አቃጠሉት፤ ጠጅ ቤቱን ለሌላ ሰጡት። ይህን የሰማነው በኋላ ነው።

ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከተምጫ በላይ

በጫካው አፋፍ እየወጣን ነው። መንገድ የሚመራን ሸህ እንድሪስ ክፉ ቢመጣ ብለው አስቀድመው ደምበጫ የላኩልን ሰው ነው። ደመቀ ሲያለቅስ ነው የመጣው፤ አንዴ ስለ ጋኖቹ፣ አንዴ ስለ ቀሩት በቅሎዎች። እሾህ ቀሚሴን ቀዶታል፤ ትዕግሥቴም አልቋል። ልሰድበው አፌን ስከፍት ከወዲያ ካለው ሸለቆ ዘፈን ተሰማ። ብዙ ወንዶች ናቸው፤ ስለ ነጩ ጤፍ ይዘፍናሉ። ከገበያ የተመለሰ ሰው ዘፈኑን ከእኛ ቀድሞ አድርሶታል።

ደመቀ በቅሎዋን አቆመ። ጆሮውን አቀና። እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ፊቱ ተቆጣ።

«ምን እያደረጉ ነው? ዜማውን ገደሉት እኮ!»

«ደመቀ፣ እባክህ፣ ጣትህን እንቆርጣለን ያሉት…»

አልሰማኝም። ከበቅሎው ዘሎ ወረደ። ማሲንቆውን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ፣ «ቁሙ! ቁሙ! እንደዚያ አይደለም!» እያለ ቁልቁል ሮጠ። ዘፈኑ ተቋረጠ። የጠመንጃ መቀባበል ተሰማ። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ «ተዉት! እሱ ነው!» አለ፤ ሸለቆውም በሆታ ተናጋ።

እኔ የሁለት በቅሎ ልጓም ይዤ እሾህ መሐል ብቻዬን ቀረሁ። ከታች ማሲንቆው ሲቃኝ ይሰማኛል። ከባሌ ጋር ስኖር ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም፤ ያን ያህል ኮርቼም አላውቅም። እንባዬን ጠርጌ በቅሎዎቹን እየጎተትኩ ወደ ድምፁ ወረድኩ።