በእስር ክፍል ያረዳነው መርዶ

«መርዶ የዘመድ ነው፤ እኛ ለሱ ምኑ ነን?» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሶዶ ውስጥ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከክፍሉ ሰው ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ።

«ዛሬ አጠገቡ ያለነው እኛ ነን፣ ሐጂ» አለ ካውንስለሩ። ከመታሰሩ በፊት ሥራው የጨነቃቸውን ተማሪዎች ማማከር ነበር።

ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትናንት ምግብ ያደረሰችልኝ እህቴ በሽቦው በኩል ነገረችኝ፤ ጥግ ላይ የተኛው፣ ከጉኑኖ የመጣው መምህር እናቱ ሞተው ተቀብረዋል። እሱ ደግሞ ዛሬ ረፋድ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እህቱ ጥቁር ለብሳ እዚያ ትጠብቀዋለች። ዝም ካልን መርዶውን የሚያነበው በፖሊሶች መሃል ቆሞ ከልብሷ ላይ ነው።

እኔ ደክሞኝ ነበር። በጻፍኩት አንድ ግጥም ከታሰርኩ ወዲህ ለሌላ ሰው ሐዘን የሚተርፍ ጉልበት አልነበረኝም።

ሐጂ ብርድ ልብሳቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «እንግዲያው እንደ ወጉ ይሁን። ሳይነጋ፣ ሁላችንም ባለንበት።»

ፍራሾቹን ጠቅልለን ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥን። መምህሩ ነቅቶ እንደዚያ ተደርድረን ሲያየን ገባው።

«አዬ ናት?» አለ። እናቱን በወላይታቶ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው።

«አዎ» አልኩት።

አላለቀሰም። እግሩን እያየ ቀረ። ሐጂ «በርታ፣ ወንድ ልጅ...» ብለው ሲጀምሩ ካውንስለሩ ጉልበታቸውን በቀስታ ነካ አደረጋቸው፤ ንግግሩን ተዉት። ምክር ስንጠብቅ ካውንስለሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«መጨረሻ ስታያቸው ምን እያደረጉ ነበር?»

«ጎዳሬ ትልጥ ነበር። ትልቁን ለኔ ለየችው። አሁንም ልጅ እመስላታለሁ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አልቅስ። የትም አንሄድም» አለው ካውንስለሩ።

«የት እንሄዳለን ደግሞ» አሉ ሐጂ። መምህሩ በእንባው መሃል ሳቀ፤ ከዚያ ብሶበት አለቀሰ።

ከተፈታሁ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስገባ «በርታ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ። ስለ ሟቹ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ያወራኛል፤ አንዳንዱ ፊቱን ያዞርብኛል። እቀመጣለሁ።

ያን ቀን እህቱ ፍርድ ቤት እንደምትጠብቀው ነገርነው። ፖሊሱ ሲጠራው መምህሩ በጀሪካን ውኃ ፊቱን ታጠበ። ሐጂ ኮታቸውን አውልቀው አለበሱት፤ እጅጌው አጠረው።

«እህቴ ብቻዋን ነው ያለቀሰችው» አለ ወደ ካውንስለሩ ዞሮ። «ምን ልበላት?»

«እኔ እንደጠየቅኩህ ጠይቃት።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እጅጌውን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጎ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።