በጆሮ የሚመረጥ

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ልጄ ደብረ ብርሃን ለነርስነት ትምህርት ልትፈተን ስትሰናዳ፣ ሱቄ ውስጥ የባናው ክምር ላይ እየተቀመጠች እኔንም ተማሪ አደረገችኝ። የጽሑፍ እንግሊዝኛ ያስፈራት ነበር፤ ከስም በፊት «ኤ» ይግባ ወይስ «ኤን» እያለች ትጨነቃለች።

«አባዬ፣ ‹አወር› ፊት ምን ይገባል?»

«ኤ። በኤች ነዋ የሚጀምረው።»

«አየኸው እንጂ መቼ ሰማኸው? ኤቹ አይነበብም። አፍህ በአናባቢ ከጀመረ ‹ኤን› ነው። በጆሮህ ምረጥ!»

«የማይነበብ ፊደል የሚጽፉት ቢተርፋቸው ነው» አልኳት።

የፈተናው ቀን ጉም ከተማዋን ውጧት አነጋ። መናኸሪያ ቆመን የደብረ ብርሃኑን ሚኒባስ ሳናየው ሰማነው፤ ሲቆም ብረት ከብረት ተፋጨ። ብቅ ሲል ቀለሙ አዲስ ነው። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ፤ ያውም ሜዳ ላይ ለቆመ መኪና። ልጄ ተጋፍታ መስኮት ዳር ያዘች።

ሾፌሩን «የፍሬንህ ሸራ አልቋል» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባናዎን ይሽጡ!» ተሳፋሪው ሳቀ።

ልጄን «ውረጂ» አልኳት።

«አባዬ፣ ፈተናው እኮ ያልፈኛል! ሌላ መኪና ከየት ይመጣል?»

በሩን ይዤ ቆምኩ። ፊቷን አዙራብኝ ወረደች። ሌሎቹንም ውረዱ አልኩ፤ የሰማኝ የለም። ወንበሯን ሕፃን ያዘለች ሴት ያዘችው። ሚኒባሱ ጉሙ ውስጥ ገባ፤ የፍሬኑ ፉጨት እየራቀ ሄደና ጠፋ።

ብዙ ቆይቶ የበግ ጠጉር የጫነ አይሱዙ አገኘን። ጋቢናው ውስጥ ተጨናንቀን ገባን። ቁልቁለቱን እንደጀመርን መንገዱ ላይ እርጥብ ቅጠልና ድንጋይ ተደርድሮ አየን፤ ሾፌራችን አማተበና ቀስ አለ። ከጉሙ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። እንደዚያ ቀን የልጅ ለቅሶ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሚኒባሱ አፍንጫውን የመንገዱ ዳር ተረተር ውስጥ ቀብሯል። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ገደል ነው። ረዳቱ እግሩን ይዞ ያቃስታል።

«ፈተናሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ጋቢህን ስጠኝ» አለችና ወረደች። የረዳቱን እግር በጋቢዬ ጠቅልላ አሰረችው፤ የተጎዱትን አይሱዙው የጫነው ጠጉር ላይ አስተኝተን ሄድን።

ደብረ ብርሃን የተጎዱትን ሐኪም ቤት አውርደን ስንደርስ የመፈተኛው ግቢ በር ሊዘጋ ነበር። ዘበኛው እጅጌዋ ላይ ያለውን ደም አየና ምንም ሳይጠይቅ አስገባት። እኔ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። መመለሻችን ያው መንገድ ነው፤ የሚቆመውን መኪና ሁሉ ፍሬን ጆሮዬን አቁሜ ስሰማ ዋልኩ።